1940 የተፈቱ ጥያቄዎች፦ ስለ አንድ የአልጀብራ አጋዥ መጽሐፍ

ቀደም ሲል ያስተማርኳት አንዲት ልጅ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወደ ቤቴ መጣች። በ12ኛ ክፍል ፈተና የማለፊያውን ነጥብ ባለማግኘቷ ወደ ሪሜዲያል ፕሮግራም የተመደበች ናት። በብብቷ የያዘችው በፎቶ ኮፒ የተባዛና በፕላስቲክ የተጠረዘ ጥራዝ ነበር። ሽፋኑ ከመደብዘዙ የተነሣ ርእሱ በጭንቅ ይነበባል፤ እኔ ግን ገና ከበሩ ሳትገባ ዐወቅሁት። የሻውም «ኮሌጅ አልጀብራ» ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ መጽሐፍ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አዋጥተን ገዝተን፣ አንድ ሳምንት እሱ አንድ ሳምንት እኔ እየተፈራረቅን ተምረንበታል።

«ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ» አለችኝ። አነጋገሯ ኩራትም ልመናም የተቀላቀለበት ነበር። የመጣችው እንድፈትናት ነው፤ ወይም ቁርጡን እንድነግራት ሳይሆን «በርቺ» እንድላት ይሆናል። እኔም ወረቀት አቀረብኩና የሚከተለውን ጻፍኩላት፦

√(2ሀ + 3) = ሀ

(በዚህ ጽሑፍ የማይታወቀውን ቁጥር በ«ሀ» እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቻችን በደብተራቸው «ኤክስ» የሚሉት ነው።) ልጅቱ ምንም አላመነታችም። ሁለቱንም ወገን ካሬ አደረገች፤ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ሰብስባ ሀ² − 2ሀ − 3 = 0 አገኘች፤ ወደ (ሀ − 3)(ሀ + 1) ፋክተር አድርጋ «3 እና −1» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመረችበት። አሠራሯ ንጹሕ፣ አጻጻፏም የሚያምር ነበር። «እስቲ −1ን መልሰሽ አስገቢው» አልኳት። አስገባች። በግራ በኩል √1፣ ማለትም 1 መጣ። በቀኝ በኩል −1 ተቀምጧል። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«መጽሐፉ ላይ እኮ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ጋሼ» አለች።

መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም የሚሠራው። ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። ልጅቱ አልሰነፈችም፤ መጽሐፉም አልዋሸም። ነገር ግን በልጅቱና በመጽሐፉ መካከል አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ እኛ መምህራንም ከዚያ መካከል አለንበት።

ይህን መጽሐፍ ያዘጋጀው ሙሬይ ስፒገል የተባለ አሜሪካዊ የሂሳብ መምህር ሲሆን፣ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። የሻውም አጋዥ መጻሕፍት ከጊዜ በኋላ ወደ ማክግሮው ሂል አሳታሚ ድርጅት ተዛውረዋል፤ ይህኛውም በሮበርት ሞየር ተሻሽሎ ደጋግሞ ታትሟል። ሽፋኑ ላይ ከርእሱ ባልተናነሰ ጉልሕ ሆኖ የሚታየው «1940 የተፈቱ ጥያቄዎች» የሚለው ማስታወቂያ ነው። «ኮሌጅ አልጀብራ» መባሉም ማንንም ሊያስፈራ አይገባም። በአሜሪካ በዚህ ስም የሚጠራው ትምህርት የዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪዎች ካልኩለስ ከመጀመራቸው በፊት የሚወስዱት ነው፤ አብዛኛው ይዘቱም እኛ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ከምናስተምረው የተለየ አይደለም። ፋክተር ማድረግ፣ ክፍልፋዮች፣ የኃይል ሕጎች፣ ኳድራቲክ፣ ሎጋሪዝም፣ ተከታታይ ቁጥሮች፣ ዲተርሚናንት፣ የአጋጣሚ ስሌት ሁሉም አሉበት። ስለዚህ መጽሐፉ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እጅ መገኘቱ ስሕተት አይደለም፤ በሪሜዲያል ተማሪ እጅ ሲሆን ደግሞ እጅግ ተገቢ ነው።

የምዕራፎቹ አቀማመጥ አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ የሚሆን አጭር ትምህርት ይሰጣል፤ ቃላቱን ይፈታል፣ ሕጎቹን ይዘረዝራል። ቀጥሎ የተፈቱ ጥያቄዎች ከነሙሉ አሠራራቸው ይመጣሉ። በመጨረሻ ተማሪው ራሱ የሚሠራቸው ተጨማሪ ጥያቄዎች ተደርድረው መልሳቸው ብቻ ይሰጣል። ይህ አቀማመጥ ለመጽሐፉ ትልቅ ዝና አትርፎለታል። ሞግዚት በሌለበት፣ የተማሪው ቁጥር በበዛበት፣ መምህሩ በ40 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ምሳሌ ብቻ ሠርቶ ደወል በሚደወልበት ትምህርት ቤት፣ ሌሊት በኩራዝም ሆነ በአምፖል ተቀምጦ የሚያጠና ልጅ አንድ ሙሉ አሠራር በዝርዝር ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። እኔም የአልጀብራ ክፍልፋዮችን ማቃለል የተማርኩት ከመምህሬ ሳይሆን ከዚህ መጽሐፍ ነው፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ይሆንብኛል።

ሆኖም እስቲ አንድ ጊዜ እናስላ። አንድን ጥያቄ አንብቦ፣ አስቦ፣ ሠርቶ፣ ከመጽሐፉ ጋር ማመሳከር በአማካይ 10 ደቂቃ ይወስዳል እንበል። 1940 ጥያቄ 19,400 ደቂቃ ነው፤ ይህም ከ323 ሰዓት በላይ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ የሚያጠና ተማሪ 162 ቀን ያህል፣ ማለትም ከአምስት ወር በላይ ያስፈልገዋል። ተማሪዬ ግን በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ «ጨርሳዋለች»። እንዴት እንደጨረሰችው ግልጽ ነው፤ ያነበበችው እንደ ልብ ወለድ ነው። ዓይኗ ከመስመር ወደ መስመር ሲሄድ እያንዳንዱ እርምጃ ልክ መሆኑን ታያለች፤ በልቧም «አዎን፣ ትክክል ነው» ትላለች። ሌላው ሲሠራ ልክ መሆኑን ማየትና ራስ መሥራት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እናቷ እንጀራ ስትጋግር ለዓመታት ያየች ልጅ ምጣዱ ፊት የቀረበች ዕለት የሚገጥማትን ማስታወስ ይበቃል።

እዚህ ላይ ግን ፍርድ እንዳናዛባ መጠንቀቅ ያሻል። ከባልደረቦቻችን መካከል «የተፈታ ጥያቄ ተማሪን ያሰንፋል፤ ራሱ ታግሎ ያግኘው» የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ጥሩ ቢመስልም ማስረጃው አይደግፈውም። ስዌለርና ኩፐር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአውስትራሊያ በዚሁ በአልጀብራ ላይ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1985 አሳትመው ነበር። የተፈቱ ምሳሌዎችን ያጠኑ ጀማሪዎች ከመጀመሪያው ራሳቸው እንዲታገሉ ከተደረጉት ይልቅ ጊዜ ሳይፈጅባቸው ተምረዋል፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብላቸውም ፈጥነው፣ ስሕተትም ቀንሰው ሠርተዋል። ጀማሪ ተማሪ በጨለማ ሲደናበር አእምሮው የሚደክመው በፍለጋው ነውና፣ ለመማሪያ የሚሆን ጉልበት አይተርፈውም።

ነገር ግን ከጥናቱ ሁለት ነገሮችን ልብ ልንል ይገባል። አንደኛ፣ በጥናቱ ውስጥ ተማሪው አንድ የተፈታ ምሳሌ አይቶ ወዲያው ተመሳሳዩን ራሱ ይሠራ ነበር፤ ምሳሌና ሥራ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዱ ነበር ማለት ነው። በአጋዥ መጽሐፉ ግን የተፈቱት ሁሉ ባንድ ላይ ተደርድረው፣ የሚሠሩት ደግሞ በምዕራፉ መጨረሻ ይገኛሉ። ልጆቻችን እዚያ ድረስ አይዘልቁም። የዚያችን ልጅ ጥራዝ ገልጬ አይቻለሁ፤ የተፈቱት ጥያቄዎች ያሉባቸው ገጾች ቢጫ ቀለም ተቀብተው፣ ተጣጥፈው፣ የጣት ወዝ ጠጥተው ነበር። ተጨማሪ ጥያቄዎቹ ያሉባቸው ግን ገና ከኮፒ ቤት እንደ ወጡ ንጹሕ ናቸው። ሁለተኛ፣ የጥናቱ ተማሪዎች የተሻሉት በተመሳሳይ ጥያቄ ላይ እንጂ መልኩን በቀየረ ጥያቄ ላይ አልነበረም። የእኛ ፈተናዎች ደግሞ መልኩን የቀየረ ጥያቄ ይወዳሉ።

ወደ √(2ሀ + 3) = ሀ ልመለስ። የመጽሐፉ አዘጋጅ ስለ እኩልታዎች በጠቅላላው በሚናገርበት ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ፣ አንድን እኩልታ ካሬ ስናደርግ ወይም በማይታወቀው ቁጥር ስናባዛ የመጀመሪያው እኩልታ የማያውቀው እንግዳ መልስ ሊገባ እንደሚችል፣ በማይታወቀው ስናካፍል ደግሞ እውነተኛ መልስ ሊጠፋ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ተማሪዬ ሦስት ጊዜ ስትጨርሰው ይህን አንድም ጊዜ አላነበበችውም። «እዚያ ጋ እኮ ጥያቄ የለም» አለችኝ። ለእሷ መጽሐፉ የሚጀምረው የመጀመሪያው የተፈታ ጥያቄ ካለበት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው እንደ መቅድም ያለ፣ የማይፈተኑበት ነገር ነው።

መጽሐፉን የምነቅፈውም እዚህ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያው ተጽፏል፤ ግን በአንድ ቦታ፣ በአጭሩና በደረቁ ነው የተጻፈው። ሕግ እንደሚደነገግ እንጂ ሰው ለሰው እንደሚነግር አይደለም። አንድ ልጅ ሀ² = 5ሀ የሚለውን ሲያይ እጁ በራሱ ሁለቱን ወገን ለሀ ያካፍልና 5 ብሎ ይጨርሳል፤ 0ም መልስ እንደ ነበረ፣ በማካፈሉ እንደ ገደለው አይታወቀውም። እንዲህ ያለውን ስሕተት ሠርቶ የሚያሳይ፣ «እዚህ ላይ ምን ጠፋ?» ብሎ የሚጠይቅ ገጽ ያስፈልግ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት አሠራሮች ሁሉም ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ሁሉም የሚሳካላቸው ናቸው። ማንም አይሳሳትም፣ ማንም ወደ ኋላ አይመለስም፣ «ለምን ይህን መንገድ መረጥን?» የሚል ድምፅም አይሰማም። ተማሪው ራሱ ሲሠራ ግማሹ ጊዜ የሚያልፈው በመሳሳትና ወደ ኋላ በመመለስ ነው፤ ስለዚህ መጽሐፉን አይቶ ራሱን ሲያይ ደደብ የሆነ ይመስለዋል።

ለነገሩ እኛስ «ወዲያ አሻግረህ ምልክቱን ቀይር» ከማለት በቀር ምን አስተምረናል? ይህ ሐረግ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በየሰሌዳው ይነገራል፤ ልጁም ቁጥሮች እንደ ወንዝ የሚሻገሩ፣ ሲሻገሩም እንደ እስስት መልካቸውን የሚለውጡ ይመስለዋል። ከዚያ 3ሀ = 12 ሲሰጠው 3ቱን አሻግሮ «12 − 3» የሚል ልጅ ያልገጠመው መምህር ካለ ዕድለኛ ነው። የትምህርቱ ስም ራሱ የመጣው በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ከነበረው ከአል ኸዋሪዝሚ መጽሐፍ ርእስ ነው። «አል ጀብር» በዐረብኛ የተጎደለውን መመለስ፣ የተሰበረውን መጠገን ማለት ነው፤ የወጌሻም ሥራ በዚሁ ቃል ይጠራል። በአንዱ ወገን የተቀነሰውን በሁለቱም ወገን ደምሮ መመለስ ነውና። በክፍሌ ውስጥ ስለ ወጌሻው ስነግራቸው ልጆቹ ይስቃሉ፤ የተማሩትን ሲረሱ ይህንን ግን አይረሱም።

ሁለተኛው ነቀፋዬ ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። የኳድራቲክ ምዕራፍ የኳድራቲክ ጥያቄ ብቻ፣ የሎጋሪዝም ምዕራፍ የሎጋሪዝም ጥያቄ ብቻ ይዟል። ለመማር ይህ ተፈጥሯዊ ነው፤ ለመከለስ ግን ክፉኛ ያታልላል። ምክንያቱም ተማሪው ጥያቄውን ሳያነብ ገና መፍትሔው በየትኛው ዘዴ እንደሆነ ያውቃል፤ የምዕራፉ ርእስ ነግሮታል። በፈተና ላይ ግን ርእስ የለም። ሀ በ2 ኃይል = 32 የሚለውንና 2 በሀ ኃይል = 32 የሚለውን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ስጡ። የመጀመሪያው መልስ 4√2 እና −4√2 ነው፤ የሁለተኛው 5 ነው። እያንዳንዱን በየምዕራፉ አሳምሮ የሚሠራ ልጅ ሁለቱን ባንድ ወረቀት ሲያገኛቸው ይደነግጣል። ያልተማረው ነገር አሠራሩን ሳይሆን ምርጫውን ነውና።

ይህም የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ሮረርና ቴይለር በአሜሪካ በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት አለ። ትምህርቱ የልዩ ልዩ ጠጣር ቅርጾችን ይዘት ማስላት ነበር። ገሚሶቹ አንድ ዓይነቱን ጨርሰው ወደ ሌላው እየሄዱ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ዓይነቶቹ ተደባልቀው ተለማመዱ። በልምምዱ ጊዜ በተራ የሠሩት 89 ከመቶ፣ በድብልቅ የሠሩት 60 ከመቶ አገኙ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን በተራ የሠሩት ወደ 20 ከመቶ አሽቆለቆሉ፤ በድብልቅ የሠሩት 63 ከመቶ አመጡ። እነዚህን አኃዞች ለባልደረቦቼ ስነግራቸው መጀመሪያ አያምኑኝም። ቢሆንም የየክፍላችንን የምዕራፍ መጨረሻ ፈተና ውጤትና የማጠቃለያ ፈተናውን ውጤት አስተያይተው ሲያዩ ዝም ይላሉ።

ሦስተኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ በመጽሐፉ ላይ መፍረድ አግባብ አይሆንም፤ ስፒገል የጻፈው ለአሜሪካ ተማሪ ነው። ሆኖም ለእኛ ልጆች ትልቁ ጋሬጣ ይኸው ስለሆነ ላልፈው አልችልም። «አት ሊስት 40» የሚል ጥያቄ ስሰጥ ከክፍሉ ብዙዎቹ ከ40 ያነሰ ወይም እኩል ብለው ይጽፋሉ፤ «ሊስት» ትንሽ ማለት ነው ብለው ተምረዋላ! በአማርኛ «ቢያንስ 40» ብላቸው ግን አንድም አይሳሳትም። ቢያንስ 40 ብር ያወጣል የተባለ ዕቃ ከ40 ብር እንደማይወርድ ገበያ የሚላላክ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው ደግሞ ሌላ ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ጀማሪ ተማሪዎችን «በዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህራን ስድስት እጥፍ ናቸው፤ ይህን በእኩልታ ጻፉ» ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። ክሌመንትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 እንደ ጻፉት ከሦስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ተሳሳቱ፤ አብዛኞቹም ተማሪዎችን በ6 አባዝተው ከመምህራን ጋር እኩል አደረጉ። አንዱ ምክንያት የእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር ቅደም ተከተል ነው፤ ስድስት እጥፍ የሚለው ይቀድማል፣ ተማሪዎች ይከተላል፣ መምህራን ይመጣል፤ ያንኑ እንዳለ በፊደል ቢገለብጡት ስሕተት ይሆናል። አሁን በአማርኛ በሉት፦ «የተማሪዎች ቁጥር የመምህራን ቁጥር 6 እጥፍ ነው።» እንዳለ ቢገለበጥ ተ = መ × 6 ይሆናል፤ ትክክልም ነው። ቋንቋችን እዚህ ላይ ሳናውቀው ያግዘናል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱ እንዳለ ሆኖ፣ የቃል ጥያቄዎችን በመጀመሪያ በልጁ ቋንቋ አስብሎ ከዚያ ወደ እኩልታ ማሻገር ነውር ተደርጎ መታየት የለበትም። አማርኛ አፍ መፍቻው ላልሆነው ልጅ ደግሞ በኦሮምኛው፣ በትግርኛው፣ በሶማልኛው ይሁን፤ ቅደም ተከተሉ እንዴት እንደሚወጣ ራሱ ይንገረን።

በአገር ውስጥ ስለሚዘጋጁት አጋዥ መጻሕፍት ብዙ አልልም፤ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይጠይቃል። ጥሩዎች አሉ። የሚበዙት ግን ያለፉ ዓመታትን የፈተና ጥያቄዎች ሰብስበው ከ«አቋራጭ ዘዴ» ጋር የሚያቀርቡ ናቸው። አቋራጩም ብዙውን ጊዜ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ እያስገቡ መሞከር ነው። አንድ ግርምት አለኝ፦ ምርጫ ሲኖር መልሱን መልሶ ማስገባት የሚያውቅ ልጅ፣ ምርጫ ሲጠፋ ያንኑ ዘዴ ለማረጋገጫ እንዲጠቀምበት አይታሰበውም። ሎግ ሀ + ሎግ (ሀ − 3) = 1 ስጡትና ሀ² − 3ሀ − 10 = 0 ላይ ደርሶ 5 እና −2 ይላችኋል። −2 ሎጋሪዝም ይኖረዋል ወይ ብሎ አይጠይቅም። በምርጫ መልክ ቢቀርብለት ግን −2ን በአንድ ደቂቃ ይጥላት ነበር። ማረጋገጥን ያስተማርነው እንደ ማጭበርበሪያ ነው እንጂ እንደ ሥራው አካል አይደለም።

ትምህርት ሚኒስቴር በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ እንዳደረገው፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የሪሜዲያል ፕሮግራምም የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ስለዚያ ውጤት ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምረው ጥቂት ነው። በማግስቱ በየከተማው ኮፒ ቤቶች ተሰልፈው ያየኋቸው ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። ገንዘባቸውን አውጥተው ወፍራም ጥራዝ ያሠሩ፣ ሌሊት የማይተኙ ልጆች ናቸው። እንዴት እንደሚያጠኑ ግን ማንም ነግሯቸው አያውቅም፤ መጽሐፍ እንዲገዙ እንጂ መጽሐፍ እንዴት እንደሚያዝ አልተነገራቸውም። ደግሞ አንዳንዶቻችን ይብሳል፤ የፈተና ጥያቄዎቻችንን ከዚያው አጋዥ መጽሐፍ ቁጥሩን እንኳ ሳንለውጥ እንገለብጣለን። በዚህም ሽምደዳ እንደሚያዋጣ በተግባር እናስተምራቸዋለን። እኔም በሥራ የተጨናነቅሁ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ አንድ ልጅም ጥያቄው ላይ ገና «=» የሚለውን ሳልጽፍ መልሱን ከኋላ ወንበር ሲጮኽ ሰምቼ አፍሬአለሁ።

እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ አይጠኑ ወይ? ይጠኑበት እንጂ! በበኩሌ ካሉት ሁሉ ይህኛውን እመርጣለሁ፤ ዋጋው የፎቶ ኮፒ ብቻ ነውና፣ ስሕተቱም ጥቂት ነውና። አንዳንድ ምዕራፍ ግን ሊታለፍ ይገባል። በቀድሞው እትም ውስጥ በሎጋሪዝም ሰንጠረዥ ማባዛትንና ማካፈልን የሚያስተምረው ክፍል ካልኩሌተር ባልነበረበት ዘመን እንጀራ ነበር፤ ዛሬ ግን ለፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ሁለት ሳምንት ሊያጠፋበት አይገባም። የሎጋሪዝምን ሕጎች ይያዝ፤ ሰንጠረዡን ለታሪክ ይተወው። ስለ ወለድና በየጊዜው ስለሚከፈል ገንዘብ የሚናገረውን ምዕራፍ ግን፣ ከፈተና ውጭ ቢሆንም፣ ብድር የሚወስድ መምህር ሁሉ ቢያነበው አይጎዳም።

ለዚያች ልጅ የሰጠኋት ሥራ ይህ ነበር። በመጀመሪያ አንድ ካርቶን ቆርጬ ሰጠኋት፤ የተፈታውን ጥያቄ ካነበበች በኋላ መፍትሔውን በካርቶኑ እንድትሸፍን፣ አንድ መስመር ሠርታ አንድ መስመር ብቻ ዝቅ እያደረገች እንድታይ። መስመሯ ከመጽሐፉ ከተለየ ወዲያው እንዳትሰርዝ፣ የእሷም መንገድ ልክ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ እንድትመረምር ነገርኳት። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ የተፈታ ጥያቄ ከምዕራፉ መጨረሻ አንድ ተመሳሳይ ጥያቄ መርጣ ወዲያው እንድትሠራ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከአምስት ምዕራፍ ሁለት ሁለት ጥያቄ በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ አጣጥፋ፣ እንደ ዕጣ እያወጣች እንድትሠራ። የመጨረሻው ነገር እሷን ያስቆጣት ነበር፦ ሦስት ጊዜ የጨረሰችውን ሁሉ ትታ ከእኩልታዎች ምዕራፍ የመጀመሪያ ገጾች፣ ያም «ጥያቄ የሌለበት» ከተባለው፣ እንድትጀምር አልኳት።

«ታዲያ ጊዜ አይበቃኝማ፣ ጋሼ» አለች።

«1940ውን ሁሉ ማን ሥሪ አለሽ? 300 ብቻ ሥሪ» አልኳት። በ10 ደቂቃ ቢታሰብ 50 ሰዓት ነው፤ በቀን ሁለት ሰዓት ለ25 ቀን። ስሌቱን ራሷ በወረቀቱ ጥግ ላይ ሠራችው፤ ከዚያም ካርቶኑን በጥራዙ ውስጥ አስገብታ ሄደች።

በኅዳር ከተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ ደወለችልኝ። ስለ ውጤት ይሆናል ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ ስለ አንድ ጥያቄ ነው። መጽሐፉ ሁለት መልስ ይሰጣል፣ እሷ ግን ሁለቱንም መልሳ ስታስገባ አንዱ አልሠራ ብሏታል። በስልክ ቁጥሮቹን አስነበብኳትና እኔም ጻፍኩት። ሠርቼ ሳየው ልክ ናት፤ ኮፒው ላይ አንዲት የመቀነስ ምልክት ጠፍታለች።